ሰይቼንቶዬ መፍላት ያቆመችው እንዲህ ነው

ከወንጂ ወደ አዳማ ስመለስ ፈላችብኝ። ሰይቼንቶ የምንላት የአባቴ ፊያት 600 ናት። ቮልስ ብትሆን ኖሮ ራዲያተር (የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘው ዕቃ) የሚባል ጣጣ አልነበረም፤ እሷ በአየር ነው የምትቀዘቅዘው። የሰይቼንቶ ራዲያተር ግን ከኋላ፣ ሞተሩ ጎን ተወሽቋል።

ሲበርድ ክዳኑን ከፈትኩ። ውሃው ተጋምሷል፤ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም። መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ «ሞተር ይውረድ» አለኝ። ጥዬ ወጣሁ።

ራዲያተሩን ፈትቼ ራዲያተር የሚበይዱ ጋሼ ዘንድ ወሰድኩት። አፎቹን ደፍነን በርሜል ውሃ ውስጥ ነከርነውና በጎማ መንፊያ አየር ሰጠነው። ከላይኛው ጥግ እንደ ክር የቀጠነ አረፋ ተንጠለጠለ።

«ይኸውልህ ልጄ፣ ሲሞቅ ብቻ ነው የሚያፈሰው። እንፋሎት ሆኖ ይጠፋብሃል» አሉኝ።

ናስ ስለሆነ ቦታውን እስኪያበራ ፍቀው እርሳስ አቅልጠው ደፈኑት። አሉሚኒየም ቢሆን እርሳሱ አይይዝም ነበር።

ውስጡን በሙቅ ውሃና በአቼቶ ሞልቼ አሳደርኩት። ጠዋት የወጣው ዝቃጭ የቡና አተላ ይመስላል። ደጋግሜ አጠብኩት።

ክዳኑንም ቀየርኩ፤ ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ግፊት ነው፤ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ደህናው ራዲያተርም ይፈላል።

ትናንት በጠራራ ፀሐይ ወንጂ ደርሼ ተመለስኩ። ውሃው ንቅንቅ አላለም።