ሒሳቡ ደብረ ብርሃን፣ ሳይቱ መሐል ሜዳ

ችግራችን ፍላሽ ይዞ መመላለስ ነበር። እኔ ደብረ ብርሃን ቢሮ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ እሠራለሁ፤ መሐል ሜዳ ያለው የግንባታ ሳይት ጸሐፊያችን የዚያኑ ፋይል ቅጂ በላፕቶፑ ይዟል። አንድ ቀን የእሱን ቅጂ በእኔው ላይ ስጭን የ200 ኩንታል ሲሚንቶ ግዥ ድራሹ ጠፋ። ደረሰኙ እጄ ላይ አለ፣ መዝገቡ ላይ የለም። ሁለት ሌሊት አላስተኛኝም።

ሁሉንም ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደሚሠራ መዝገብ፣ ለማዞር ሞከርን። ሳይቱ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ሥራው ይቆማል፤ ክፍያውም በየወሩ በዶላር ነው።

የፈታው ይህ ነው። ዋናው መዝገብ ቢሮ ባለው አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ቀረ። ጸሐፊው በስልኩ፣ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ባስተካከልነው ጉግል ሺትስ ላይ ቀኑን፣ የደረሰኝ ቁጥሩን፣ ብዛቱን፣ ዋጋውንና የሥራ ኮዱን (ወጪው ለየትኛው የግንባታ ክፍል እንደሆነ የሚለየውን) ይሞላል፤ ኔትወርክ ሲመለስ ይደርሰኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከደረሰኙ ጋር አመሳክሬ እመዘግባለሁ። የሥራ ኮዱን በፍጹም አትዝለሉት፤ የመሠረቱና የጣሪያው ወጪ ካልተለየ ገንዘቡ የት እንደፈሰሰ አይታወቅም። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስም የራሱ ዓምድ አለው። ባክአፑን ማታ ማታ ጉግል ድራይቭ ላይ እጭናለሁ።

ያ ሲሚንቶም ከደረሰኙ ተመዝግቦ ቦታው ገባ።