ለፐብሊክ ሄልዝ ማስተርስ ስታመለክቱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ ማስተርስ ለመጀመር የሚያስብ የጤና ባለሙያ ሞልቷል። ኤችኦው (ጤና መኮንኑ)፣ ነርሱ፣ ሚድዋይፏ፣ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ባለሙያው... ሪፈራል ሆስፒታሉ አካባቢ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ ሁሉ ወሬው ይኸው ነው። ጥያቄውም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?" መልሱ ደግሞ የስም ዝርዝር ነው። አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ሐረማያ።

እኔ ጥያቄው ራሱ የተጣመመ ይመስለኛል። ኤምፒኤች (የፐብሊክ ሄልዝ ማስተርስ) ላይ የክፍሉ ትምህርት እንደምንም ይታለፋል። ሰው የሚንገላታው፣ ከዲፓርትመንቱ ጋር የሚኳረፈው፣ አንዳንዱም ሳይጨርስ ወደ ሥራው የሚመለሰው ቴሲስ (የመመረቂያ ጥናቱ) ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ አንድ ግቢ ሁለተኛ ዓመት ተማሪውን እንዴት እንደሚይዝ ሳታውቁ አታመልክቱ። ከታች የማነሳቸው አብዛኞቹ ስህተቶች ይህን ካለማየት የሚመጡ ናቸው።

በስም ብቻ መምረጥ

ስም ዋጋ የለውም አልልም። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀምር ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን ያሠለጥን ነበር። ጅማ ተማሪን ማኅበረሰብ ውስጥ አስገብቶ በማስተማር ይታወቃል። ይህ ታሪክ ዛሬም በግቢዎቹ ጠባይ ላይ ይታያል።

ግን ስሙ ለእናንተ ምን ያደርግላችኋል? ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲው የራሱ የምርምር መስክ እንዳለው ጠይቁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1986 ጀምሮ ቡታጅራ ላይ ሠርቷል። ጎንደር ዳባት ላይ ከ1996፣ ጅማ ጊልጌል ጊቤ ላይ ከ2005፣ ሐረማያ ደግሞ ቀርሳ ላይ ከ2007 ጀምሮ አላቸው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በነዚህ ቦታዎች መረጃ ሰብሳቢዎች በየጊዜው ቤት ለቤት እየሄዱ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ የሚለውን ይመዘግባሉ። ለቴሲስ ተማሪ ይህ ሀብት ነው።

ሀብቱ መኖሩ ግን አይበቃም። የማስተርስ ተማሪ በዳታው እንዲጠቀም ይፈቀድለታል ወይ? ለማን ደብዳቤ ይጻፋል? መልሱስ ስንት ወር ይፈጃል? ይህን የሚነግራችሁ ድረ ገጹ አይደለም። ባለፈው ዓመት ጠይቆ ያገኘ ወይም የተከለከለ ተማሪ ነው።

የዩኒቨርሲቲውን ስም እንጂ ግቢውን አለማወቅ

ሐረማያ ሲባል ሐይቁ ዳር ያለውን ዋና ግቢ የሚያስብ ብዙ ነው። የጤናው ኮሌጅ ያለው ሐረር ከተማ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲባል ስድስት ኪሎ ይታያችኋል፤ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤቱ ግን ጥቁር አንበሳ ነው። እዚሁ ሐዋሳም የጤናው ሰው የሚማረው ሪፈራል እንጂ ዋናው ግቢ አይደለም። ቤት ከመከራየታችሁ በፊት የት እንደምትማሩ እወቁ።

ስለ ግቢው የተሳሳተ ሰው የተሳሳተ ጥያቄ መጠየቅ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሰው ስለ ግቢ ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው እዚያ ዲግሪውን የሠራ ጓደኛውን ነው። ጓደኛው ደግሞ የሚነግረው ስለ ካፌ ምግብ፣ ስለ ዶርም ውኃና ስለ ከተማው ነው። "ሐዋሳማ ምን ይጎድላል! ማታ ፍቅር ሐይቅ ትወርዳለህ፣ ቅዳሜ አሞራ ገደል ዓሣ ትበላለህ።" እውነት ነው። ዓሣው ግን ፕሮፖዛል አያርምም። የድግሪ ተማሪ የኖረበት ግቢና ልጅ ያለው፣ ደሞዝ የሚቆጥር፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ የገባ የማስተርስ ተማሪ የሚኖርበት ግቢ አንድ ቦታ ቢሆኑም አንድ ኑሮ አይደሉም።

አሁን ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ ፈልጉ። "ጥሩ ነው ወይ?" አትበሉት፤ "አሪፍ ነው" ብሎ ይሸኛችኋል። እንዲህ ጠይቁት። አድቫይዘርህን (የቴሲስ አማካሪህን) አንተ መረጥክ ወይስ ተመደበልህ? የመጨረሻውን ድራፍት መቼ ላክህለት፣ መቼ መለሰልህ? ሲመልሰውስ አስተያየት ጽፎበት ነው ወይስ "እሺ ቀጥል" ብሎ? አብረውህ ከጀመሩት ውስጥ በጊዜው ፕሮፖዛል ያስጸደቀ ስንት ነው? ሴቶችን ደግሞ ለብቻ ጠይቁ። የወለደች ተማሪ ምን እንደገጠማት፣ ማታ ከላይብረሪ ወደ ቤት መመለስ እንዴት እንደሆነ፣ አስተማሪዎች ከሴት ተማሪ ጋር እንዴት እንደሚሠሩ የምታውቀው እዚያ ያለች ሴት ናት። ወንዱ ተማሪ "ምንም ችግር የለም" ቢላችሁ አትፍረዱበት፤ አላየውም።

ከዚህ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። የቴሲስ ዲፌንስ ብዙ ጊዜ ለታዳሚ ክፍት ነው። ሄዳችሁ ከኋላ ተቀመጡ። ፈታኙ ተማሪውን የሚጠይቀው ለምን ይህን ያህል ናሙና እንደወሰደ ነው ወይስ የገጽ ቁጥሩ ለምን እንደጠፋ? አድቫይዘሩ መጥቷል? ተማሪው ሲደናገር ይረዳዋል ወይስ ስልኩን ያያል? ፈታኙ ተማሪውን ሲያዋርድ አዳራሹ ይስቃል? አንድ ከሰዓት እዚያ ቁጭ ብላችሁ የምታዩትን ስለ ዩኒቨርሲቲው የሚያወራ ብሮሹር አይነግራችሁም። ሐዋሳ ያላችሁ ደግሞ ለዚህ የባጃጅ ሒሳብ ይበቃችኋል።

ቤቴ ስለሆነ ብቻ እዚሁ መቅረት

ቤት ሆኖ መማር ወጪ ይቀንሳል። ኪራይ የለም፣ ልጆች ትምህርት ቤት አይቀይሩም። በዚህ ላይ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሲዳምኛ የምትችሉ ከሆነ ገጠር ወርዳችሁ ዳታ ስትሰበስቡ የሰውን መልስ በቀጥታ ትሰማላችሁ። ቀርሳ ወይም ጊልጌል ጊቤ ላይ አፋን ኦሮሞ የማይችል ተማሪ መጠይቁን አስተርጉሞ፣ ትርጉሙን መልሶ አስፈትሾ፣ ከዚያም በሰው ጆሮ ነው የሚሰማው።

ችግሩ ሐዋሳ ያለው ሰው ተማሪ መሆኑን የሚያምንለት ማጣቱ ነው። አለቃው "ለአንድ ሪፖርት ብቻ" ብሎ ይደውላል። ለቅሶ አለ፣ እድር አለ፣ ከገጠር ለሕክምና የመጣ ዘመድ አለ። ዘመዱ ደግሞ ሪፈራል ስትማሩ ካገኛችሁ ካርድ አውጡልኝ ይላል፤ እምቢ አይባልም። እዚሁ የምትቀሩ ከሆነ ይህን ከአለቃችሁና ከቤተሰባችሁ ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱ። መጨረስ የማይቻል ከመሰላችሁ ጅማ መሄድ ይሻላል።

ትራኩን በወሬ መያዝ

ጄኔራል ኤምፒኤች፣ ኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ስርጭት ጥናት)፣ ሪፕሮዳክቲቭ ሄልዝ፣ ኒውትሪሽን፣ ባዮስታቲስቲክስ፣ የጤና አገልግሎት አስተዳደር... ሰው ጆሮውን ወዳዘነበለበት ይሄዳል። አንድ ሰሞን ሁሉም ኤፒዲሚዮሎጂ ይላል። ቁጥር ሲያይ የሚያመው ሰው ኤፒ ገብቶ ሁለት ዓመት ሲሰቃይ ማየት ያሳዝናል።

ስፖንሰር የሚያደርጋችሁ መሥሪያ ቤት ካለ ደብዳቤው ላይ የሚጽፈውን ትራክ ቀድማችሁ አንብቡ። ውሉንም እንዲሁ። ስንት ዓመት ተመልሳችሁ እንደምታገለግሉ፣ ብታቋርጡ ምን እንደምትከፍሉ፣ ደሞዝ ይቀጥል አይቀጥል። ውል ሳያነቡ መፈረም እኛ ሀገር የተለመደ ነው፤ ጸጸቱም እንዲሁ።

ዴስክ ላይ መቀመጥ የማትወዱ ከሆናችሁ ደግሞ የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ሥልጠናውን እዩት። እዚህ ሀገር ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ነው፤ ተማሪው አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ክፍል ውስጥ ሳይሆን ወረርሽኝ በማጣራትና የቅኝት መረጃ በመተንተን ነው።

"ከልጅነቴ ጀምሮ..." ብሎ መጀመር

ሞቲቬሽን ሌተር ሲረቅ በዚህ ያልጀመረ ሰው ጥቂት ነው። "ከልጅነቴ ጀምሮ ሕዝቤን የማገልገል ሕልም ነበረኝ።" መራጩ ይህን ዓረፍተ ነገር ጠዋት ብቻ ብዙ ጊዜ አንብቦታል።

በዚህ ፋንታ የሠራችሁትን አንድ ነገር አሳዩ። ጤና ጣቢያ የምትሠሩ ከሆነ ለምሳሌ እንዲህ ማለት ትችላላችሁ፦ "በመዝገባችን ላይ ያለው የወባ ሕሙማን ቁጥርና ወደ ጤና መረጃ ሥርዓቱ (ዲኤችአይኤስ ቱ) የገባው ቁጥር አልገጥም አለ። ታሊ ሺቱን (የመቁጠሪያ ቅጹን) ከመዝገቡ ጋር ቀን በቀን ሳስተያይ የሚጎድሉት ቅዳሜና እሁድ በተረኛ የታዩት ሆነው ተገኙ። ተረኛው የሚመዘግበው ሌላ መዝገብ ላይ ነበር።" ይህን የጻፈ ሰው ዳታ እንደሚገባው በሦስት ዓረፍተ ነገር አሳይቷል። ቀጥሎ "ይህ ነገር በወረዳው ምን ያህል እንደሆነ ማጥናት እፈልጋለሁ" ካለ የቴሲስ ሐሳብም አለው ማለት ነው። "ትጉህ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እወዳለሁ" የሚለውን አውጡት። ማንም ሰነፍ ነኝ ብሎ አይጽፍም።

ድጋፍ ደብዳቤ ከማዕረግ መለመን

ከማያውቃችሁ ዲን ይልቅ በየቀኑ ያያችሁ የክፍል ኃላፊ ይሻላል። "ራስህ ጻፈውና አምጣ፣ ልፈርም" የሚል መምህር ካጋጠማችሁ (ያጋጥማችኋል) ቢያንስ የሠራችሁትን በነጥብ ጽፋችሁ ስጡትና እሱ ይጻፈው። ሁለት ድጋፍ ደብዳቤዎች በአንድ ዓይነት እንግሊዝኛ፣ በአንድ ዓይነት ስህተት ሲመጡ ይታወቃል። ለውጭ ከሆነ የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ያለው ሰው ምረጡ።

ወረቀቱን ለመጨረሻ ማቆየት

ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከተማራችሁበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የሚላክ ነው። የወጪ መጋራት ጉዳያችሁ ካልተዘጋ ደግሞ ነገሩ እዚያው ይቆማል። ዲላ ወይም ወላይታ ሶዶ የተማራችሁ ማስታወቂያ ሳትጠብቁ አንድ ቀን ፈቃድ ወስዳችሁ ጨርሱት። ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም ቀኑ ሲወጣ ብቻ ማሰብ ሌላው ስህተት ነው፤ ሒሳብ ከተዋችሁ የቆያችሁ በተለይ።

ለማታና ለቅዳሜና እሁድ ብላችሁ የግል ኮሌጅ ካሰባችሁ ፈቃዱን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ። ፈቃድ የሚሰጠው በየፕሮግራሙና በየካምፓሱ ነው። ኮሌጁ አዲስ አበባ ላይ ተፈቅዶለታል ማለት ሐዋሳ ያለው ቅርንጫፉ ኤምፒኤች ማስተማር ይችላል ማለት አይደለም።

ለውጭ ሲሆን ያገኙትን ሁሉ መሙላት

ኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ የሚሞሉ ልጆች አሉ። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም፤ ድካም ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቺቭኒንግ ግን ይሆናል። እሱ ቢያንስ የ2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ሦስት ኮርስ ያስመርጣል፣ ስትጨርሱም ለሁለት ዓመት ወደ ሀገር መመለስ ግዴታ ነው። የጀርመኑ የስኮላርሺፕ ተቋም ዳድ ለታዳጊ ሀገሮች ባሉት ፕሮግራሞች ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ ከተመረቃችሁ ከስድስት ዓመት በላይ ከሆነም ብዙ ጊዜ ያልፋችኋል። አሜሪካ ብዙዎቹ የፐብሊክ ሄልዝ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚቀበሉት ሶፋስ በሚባል አንድ የጋራ መስመር ነው፤ ስትመርጡም ሴፍ የተባለው ተቋም ዕውቅና የሰጠው መሆኑን እዩ።

የግቢ ጠባይ እዚያም አለ። እንግሊዝ ማስተርሱ አንድ ዓመት ነው፤ አድቫይዘር ሲጠብቁ የሚያልፍ ወር የለም። መምህሩ በስሙ ይጠራል። ሴሚናር ላይ ዝም ማለት እኛ ጋ ጨዋነት ነው፤ እዚያ ጽሑፉን አላነበበም ያሰኛል። ይህ የሚከብዳችሁ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት እዚሁ፣ የወረዳ ስብሰባ ላይ፣ እጅ ማውጣት ጀምሩ።

ሰዓቱንም ልብ በሉ። የቺቭኒንግ ማመልከቻ የሚዘጋበት ቀን ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ መስቀል ባለፈ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። በለንደን ሰዓት 12፡00 የሚል ካያችሁ ቀትር ማለት ነው፤ በዚያ ወቅት የኛ ከቀኑ 8 ሰዓት። የማታ 12 ሰዓት መስሎት ከሥራ ወጥቶ ሊልክ የተቀመጠ ሰው አራት ሰዓት አርፍዷል።