አንደበት ሳይታሰር፦ የማስታገሻ እንክብካቤን ከነርቭ ሕሙማን ክትትል ጋር ስለማቀናጀት

ብዙዎቻችን የማስታገሻ እንክብካቤ፣ ማለትም የሕመምተኛን ሥቃይና ጭንቀት የማቅለል ሥራ፣ «ከእንግዲህ ሕክምና የለም፣ ቤት ውሰዱት» ከተባለ በኋላ የሚጀመር ይመስለናል። ለረጅም ጊዜ የነርቭ ሕመም ግን ይህ ቅደም ተከተል እጅግ ይጎዳል፤ ጡንቻን እያደር በሚያዳክመው ኤኤልኤስ፣ በሚያንቀጠቅጠውና እንቅስቃሴን በሚያዘገየው በገፋ ፓርኪንሰን ወይም በተደጋጋሚ ስትሮክ የተያዘ ሰው ፈቃዱን በራሱ አንደበት የሚገልጽበት ጊዜ ከዕድሜው ቀድሞ ሊያልቅ ይችላልና። የዓለም ጤና ጉባኤም በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ ይህ እንክብካቤ በሕይወት ዘመን ሁሉ የተሟላ የጤና አገልግሎት አካል እንዲሆን አሳስቧል።

ስለዚህ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ሥራው የሚጀመረው አዲስ ክፍል በመክፈት ሳይሆን አሁን ባለው የቀጠሮ ቀን ነው። ሕመምተኛው መድኃኒቱን ሊወስድ በመጣ ቁጥር ስለ ሥቃዩ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ሆድ ድርቀቱ፣ ስለ ትንፋሹና ስለ ጭንቀቱ ይጠየቅ፤ መልሱም ካርዱ ላይ ይጻፍ። ሲበላና ሲጠጣ ትን ማለት ከጀመረው፣ የሳንባ ምች ከተመላለሰበት፣ ክብደቱ ከቀነሰ፣ ደጋግሞ ከወደቀ ወይም ሐሳቡ መደነጋገር ከያዘ፣ ከእነዚህ አንዱ ብቻ እንኳ ረዘም ላለ ውይይት የተለየ ቀጠሮ ለመስጠት በቂ ምክንያት ነው።

በእኔ እምነት ከሁሉ የሚከብደው ይህ ውይይት ነው። ልጆች አስቀድመው ወደ ሐኪሙ ገብተው «ለእሳቸው እንዳይነገር» ማለታቸው ከፍቅር የመጣ ስለሆነ ሊቆጡባቸው አይገባም፤ ነገር ግን ምርጫው የአባታቸው ነው። በቅድሚያ ሕመምተኛውን «አባባ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ማን አብሮን ቢሆን ይወዳሉ?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያ መናገር ሲያቅታቸው ማን እንዲወስንላቸው፣ በቱቦ መመገብን እንዴት እንደሚያዩት፣ ሲብስባቸው ሆስፒታል መግባትን ወይስ ቤት መቆየትን እንደሚመርጡ ቀስ እያሉ ማንሳት ይሻላል። ሁሉም በአንድ ቀን ማለቅ የለበትም። ሼህ ወይም ቄስ እንዲገኙላቸው ከፈለጉ ይጠሩ። ዱዓውም ጠበሉም ከመድኃኒቱ ጎን ሊሄድ ይችላል፤ የፓርኪንሰን መድኃኒት የሆነውን ሌቮዶፓን በድንገት ማቋረጥ ግን ከባድ የሰውነት መገታተርና ትኩሳት ሊያስከትል ስለሚችል፣ የጾምና የረመዳን ወራት ከመግባታቸው በፊት የመድኃኒቱ ሰዓት ከሐኪም ጋር ይስተካከል።

መድኃኒት ላይ አንድ ስህተት ደጋግሞ መነገር አለበት። የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ሲያቅለሸልሸው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ሲቃዥ ደግሞ ሃሎፔሪዶል መስጠት መንቀጥቀጡንና መገታተሩን ያባብሳል፤ ስለሆነም ካርዱ ላይ በጉልህ «አይሰጥ» ተብሎ ይጻፍ፣ የተረኛ ክፍል ነርሶችም ይወቁት። በኤኤልኤስ ወይም ከስትሮክ በኋላ ለሚመጣ የጡንቻ መገታተር ባክሎፌን ይረዳል። ለከባድ ሥቃይና በሌላ መንገድ ላልታገሠ የትንፋሽ ማጠር ሞርፊን በትንሽ መጠን ሲጀመር፣ ድርቀት እንዳያስከትል የሆድ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዝ።

ከደላንታ ወይም ከወረኢሉ ደሴ ድረስ የሚመላለስ ቤተሰብ በየሳምንቱ ሊመጣ አይችልም። የምርጫዎቹንና የመድኃኒቶቹን ዝርዝር የያዘ አንድ ገጽ ለቤተሰቡና ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይሰጥ። ለአስታማሚው ደግሞ በቃል ከመንገር በእጅ ማሳየት ይበልጣል፦ የመኝታ ቁስል እንዳይወጣ በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥን፣ ቀጥ አድርጎ አስቀምጦ በትንሽ ማንኪያ ማጉረስን፣ ከምግብ በኋላ ለ30 ደቂቃ ያህል ሳያስተኙ ማቆየትን። ውሃ ትን ለሚለው ሰው ወፈር ያለ አጥሚት ይቀለው እንደሆነ እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ ቢሞከር መልካም ነው።

በወሎ እንደ ዕድር ያለ ቅሬ አለ። ሕመምተኛን በቃሬዛ የሚሸከመው፣ ሲሞትም የሚቀብረው ቅሬ፣ ከዚያ በፊት ባሉት ወራት አስታማሚዋ ሌሊቱን ትተኛ ዘንድ ሰው በተራ እንዲልክ ቢጠየቅ አይከፋም፤ ጥያቄው ግን በሕመምተኛው ፈቃድ ይሁን። አስታማሚዋም በየቀጠሮው «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ትባል፤ ወገቧን የሚያማት ከሆነ እሷም ካርድ ታውጣ። ሕመምተኛው ካረፈ በኋላ ባለሙያው ከተቻለ ለቅሶ ይድረስ፣ ካልተቻለ ይደውል፤ የተረፈው ሞርፊንም ወደ መድኃኒት ቤቱ እንዲመለስ ያሳስብ።