የሚያጉረመርም ግን የማይነሳ የጋራዥ በር

ካዛንቺስ በሚገኘው ቤታችን የጋራዡ በር፣ ሪሞቱ ሲጫን ሞተሩ እያጉረመረመ ከወለሉ ንቅንቅ አልል ብሎ አራት ቀን አባክኖብኛል። በመጀመሪያ የሪሞቱን ባትሪ ቀየርሁ፤ ሞተሩ ትእዛዙን ተቀብሎ እስካጉረመረመ ድረስ ግን ሪሞቱን መጠርጠሬ ከንቱ ነበር። ከበሩ ሥር ዕንቅፋት መኖሩን የሚለዩትን የብርሃን ሴንሰሮች አቧራ ጠረግሁ፤ መብራቱ ዝቅ ብሎ ይሆናል ብዬም ሶኬቱን ብለካው 220 ቮልት ገደማ ነበር።

መንገድ ያሳየኝ፣ ከላይ የተንጠለጠለውን ቀዩን ገመድ ስቤ በሩን ከሞተሩ ማላቀቄ ነው። ይህ መደረግ ያለበት በሩ ተዘግቶ ሳለ ነው፤ የበሩን ክብደት የሚሸከመው ሞላ ተሰብሮ ከሆነ የተከፈተ በር በድንገት ይወርዳል። በእጄ ሳነሳው በቀላሉ ስለ ወጣ፣ ጥፋቱ ከሞላውም በሩ ከሚሄድበት ሐዲድም እንዳልሆነ ተረዳሁ። ሶኬቱን ነቅዬ፣ ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ሞተሩ እንዲነሳ በሚረዳው ካፓሲተር ውስጥ የቀረውን ኃይል በሬዚስተር ካስወጣሁ በኋላ በመልቲሜትር ስለካው፣ 12 ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር አቅም መለኪያ) የተጻፈበት ዕቃ 5 እንኳ አልሞላም። በማይክሮፋራዱ እኩል፣ በቮልቱም የማያንስ ካፓሲተር ከመርካቶ ገዝቼ ስቀይረው በሩ ተነሳ፤ ለሁለት ቀን ብቻ።

በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ብቻውን ይሽከረከር ጀመር። ክዳኑን ስከፍተው የሞተሩን ኃይል ወደ በሩ የሚያስተላልፈው የፕላስቲክ ጥርስ ተፍቆ፣ ነጭ ብናኙ በግራሶው ላይ ተበትኗል። ለዚያ አሮጌ ሞዴል የሚሆን ጥርስ ስላላገኘሁ ሞተሩን ከነሐዲዱ በአዲስ ቀየርሁት። የመክፈቻና የመዝጊያ ወሰኑን ካስተካከልሁ በኋላ፣ በሩ ዕንቅፋት ሲነካ መመለሱን ለመፈተሽ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ከበሩ ሥር አጋድሜ ዘጋሁት፤ መጀመሪያ ጣውላውን ተጭኖ ቆመ፤ የግፊት ኃይሉን ስቀንሰው ግን ነክቶት ወዲያው ወደ ላይ ተመለሰ።