ከአንጎል አንጂዮግራፊ በኋላ የሚመጣ ራስ ምታት፦ ማን ላይ ይበረታል፣ ምን ይደረግ?

ሐኪም የአንጎል ደም ሥር አንጂዮግራፊ (የደም ሥሮችን በራጅ የሚያሳይ ምርመራ) አዝዞ አዲስ አበባ ሪፈር ከጻፈላችሁ፣ ሲጨርሱ ራስ ሊያማችሁ እንደሚችል ከወዲሁ እወቁት። ቀጭን ቱቦ በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ ደም ሥር ገብቶ አንገት ድረስ ይዘልቃል፣ ከዚያ አዮዲን ያለበት ኮንትራስት፣ ማለትም ደም ሥሩ በራጅ እንዲታይ የሚያደርግ ፈሳሽ፣ ይለቀቃል። ፊት ላይ ሙቀት ይሰማል፣ ወዲያው ያልፋል። ራስ ምታቱም አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል።

የሚበረታው ድሮም ማይግሬን ባለበት ሰው ላይ ነው። ሴቶች ላይም ይበዛል። ሌሊቱን በመኪና ሲንገላታ አድሮ እንቅልፍ ያጣ፣ በድሬዳዋ ሙቀት ውሃ ሳይጠጣ የሰነበተ ወይም በጣም የተጨነቀ ሰውም ቢያመው አይገርምም።

እኛ አካባቢ ግን ዋናው ጣጣ ቡናና ጫት ነው። ከምርመራው በፊት ለሰዓታት ትጾማላችሁ፣ በብሽሽት ከተሠራ ደግሞ ከዚያም በኋላ ለሰዓታት እግር ዘርግቶ መተኛት አለ። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና የለመደ ሰው ሲያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሱን ማመም ይጀምረዋል፣ ከዚያ «መርፌው ነው» ይላል። የሐረር ቁጢም (የቡና ቅጠል ሻይ) ካፌይን ስላለው ያው ነው። ስለዚህ ቀጠሮው አንድ ሳምንት ሲቀረው ጀምራችሁ ስኒውን ቀስ በቀስ ቀንሱ። ጫት ደግሞ ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል፣ ሀራራው ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ የቃመ ያውቃል። ለመንገድ ብላችሁ ይዛችሁ አትሂዱ። ነርሷ «ትቅማለህ?» ስትል «አልፎ አልፎ» ማለትም ይቅር፤ ድሬ ላይ አልፎ አልፎ ማለት በየቀኑ ከምሳ በኋላ ማለት ነው።

የማይግሬን፣ የግፊት፣ የኩላሊት ችግር ወይም የኮንትራስት አለርጂ ካለ፣ ሜትፎርሚን (የስኳር መድኃኒት) ወይም ደም ማቅጠኛ የምትወስዱም ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ።

ሲያልቅ፣ ልብና ኩላሊት የሚከለክላችሁ ካልሆነ ውሃ በደንብ ጠጡ፤ ኮንትራስቱ በሽንት ይወጣል። ሕመሙን ለነርሷ ንገሩ፣ ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞል ይበቃል። ኢቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ ግን ሐኪም ሳይፈቅድ አይሆንም፣ ኮንትራስት ያለፈበትን ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። በዚያው ምሽት መኪና ይዞ ወደ ድሬ መመለስም አይታሰብ።

ድንገት እንደ መብረቅ የመታ፣ እየባሰ የሚሄድ፣ አፍ የሚያስተሳስር፣ እጅ ወይም እግር የሚያዝል፣ ዓይን የሚጋርድ፣ የሚያንቀጠቅጥ ወይም የሚያደናግር ራስ ምታት ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ቤት ተኝቶ ማየት የለም፣ ጸበልም በኋላ ይደርሳል። እዚያው ካላችሁ ወደ ሠሩላችሁ ሆስፒታል ተመለሱ፤ ከተመለሳችሁ በኋላ ከሆነ ድሬ ድል ጮራ፣ ሐረር ሕይወት ፋና ድንገተኛ ክፍል ግቡ፣ የምርመራ ወረቀቱንና ሲዲውን ይዛችሁ።