አርክቴክቸር ቢሮ የምትገቡ ልጆች፣ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ክረምት በገባ ቁጥር ቢሯችን አዳዲስ ልጆች ይመጣሉ፣ ግማሹ ኢንተርን ግማሹ ገና የተመረቀ፣ ከልደታው ሕንጻ ኮሌጅም ከክልል ዩኒቨርሲቲዎችም። እጃቸው ፈጣን ነው፣ ሬንደራቸው (ኮምፒውተር ላይ የሚሰሩት ፎቶ የሚመስል ምስል) ያምራል፣ ሶፍትዌር ላይ ማንም አይደርስባቸውም። የሚሳሳቱት ግን ሁሌም እዛው ቦታ ላይ ነው። እኛ አርክቴክቸሩንም ኢንቴሪየሩንም አንድ ላይ ስለምንሰራ አንዱ የተወው ነገር ሌላው ላይ ሲወድቅ በየቀኑ እናያለን፣ የሰው ብር የሚቃጠለውም እዛ መሃል ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፈው አልኩ።

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ሳይት ሄዶ አለመለካት ነው። ድሮዊንጉ ላይ ኪችኑ 3.60 ይላል፣ ልጁም 3.60 ብሎ ካቢኔቱን ይስላል፣ ኤሌቬሽኑ (ከፊት ለፊት የሚታየው ስዕል) ይወጣል፣ ወርክሾፕ ይላካል፣ ኤምዲኤፉ (የተጨመቀው እንጨት) ይቆረጣል። 3.60 ግን የት አለ? ያ ልኬት ከብሎኬት ብሎኬት ነው እኮ። በየግድግዳው 2 ሴንቲ ልስን ይመጣል፣ ሴራሚክ ካለ ደግሞ ከነማጣበቂያው ሌላ 1 ሴንቲ ወይ ከዛ በላይ ይጨመራል፣ ስለዚህ ክፍሉ ሲያልቅ 3.54 ነው ወይም ከዛ ያነሰ፣ ያውም ግንበኛው ክሩን በትክክል ወጥሮ ከሆነ። ግድግዳው ስኳድራ (ማዕዘኑ ልክ 90 ዲግሪ) ላይሆን ይችላል፣ ከታች የለካችሁትና ከላይ የለካችሁት ላይገጥም ይችላል፣ ኮለኑ (የአርማታ ምሰሶው) ከብሎኬቱ 5 ሴንቲ ወጥቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል፣ ይሄ ሁሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ የለም።

አንድ አፓርታማ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ባለቤቷ ለገና ከአሜሪካ ልትገባ ቤቱ እየተጣደፈ ነው፣ ካቢኔቱ ተሰርቶ መጣ፣ ሊገጠም ሲል በ5 ሴንቲ አልገባም። አናጢዎቹ ምን ያድርጉ፣ እዛው በግራይንደር የጎኑን ፓነል ቆረጡት፣ ከፋብሪካ የመጣው የጠርዙ ሽፋን ሄደ፣ መሳቢያው ሲከፈት የበሩን ፍሬም መምታት ጀመረ፣ ግራናይቱ ደግሞ ቀድሞ ተቆርጦ ስለነበር የሲንኩ ቀዳዳ ከቧንቧው ጋር አልገናኝ አለ። የተቆረጠው ጠርዝ ውሃ ጠጥቶ ለማበጥ ወራት አልፈጀበትም። ካቢኔቱን የሳለው ልጅ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሬንደሩን ብታዩት ትወዱታላችሁ። ያልሰራው ነገር ታክሲ ይዞ ሄዶ ሜትር መዘርጋት ብቻ ነው።

ስትለኩ ደግሞ በአንድ መስመር አትለኩ። ወለሉ ላይ፣ 90 ሴንቲ ላይ፣ ከዛ ደግሞ ከላይ በኩል ለኩ፣ ሰያፉን በሁለቱም አቅጣጫ ያዙ፣ የመስኮቱን ከፍታ፣ የሶኬቱን ቦታ፣ ቢሙ (አግዳሚው አርማታ) ምን ያህል እንደወረደ ጻፉ፣ ሜትሩ እንደተዘረጋ ፎቶ አንሱ። የሚለካው ከልስን በኋላ ነው። ጊዜ የለም፣ ቀድመን እናዘው ከተባለ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ላይ 4 ወይም 5 ሴንቲ ፊለር (ክፍተት መሙያ ቁራጭ) አስቀምጡና ሳይት ላይ ይቆረጥ። «ልኬቱ ሳይት ላይ ይረጋገጥ» የምትል ማስታወሻ ድሮዊንጉ ላይ ጽፎ መተኛት ሥራ አይደለም፣ ያንን ማረጋገጥ ያለብን እኛ ነን።

ሁለተኛው የምጣድ ነገር ነው። ፒንተረስት ላይ ያለው ኪችን ውስጥ ምጣድ የለም፣ ልጆቻችንም ከእሱ ስለሚነሱ ምጣድ የሌለው ኪችን ይስላሉ፣ ከዛ ሰዎቹ ሲገቡ ምጣዱ በረንዳ ላይ ወይ ኮሪደር ላይ በማራዘሚያ ገመድ ይሰካል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላው ብቻ ወደ 60 ሴንቲ ይሰፋል፣ ከነአክንባሎውና ከነማስቀመጫው ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፣ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይጎትታል። በ220 ቮልት አስሉት፣ 18 አምፒር ድረስ ነው፣ ስለዚህ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል፣ ይሄን ለኤሌክትሪካል ኢንጂነሩ የምትነግሩት እናንተ ናችሁ፣ እሱ ከየት ያውቃል። እንፋሎቱ የሚወጣበት መስኮት ወይ ማውጫ አድርጉለት፣ ከበላዩ የላይኛ ካቢኔት አታድርጉ፣ ላሚኔቱ ተላጦ ይወርዳል። አሁን እንጀራ የሚገዛ ቤት በዝቷል አውቃለሁ፣ ቢሆንም ጠይቁ። ሊጥ የት ይቀመጣል፣ ቡና የት ይፈላል፣ ከሰሉ ጅብሰም ኮርኒሱ ስር ነው ወይ የሚጨሰው፣ በበዓል ስንት ሰው ይመጣል። ደግሞ የሚከፍለውን ሰውዬ ብቻ አትጠይቁ፣ የቤቱን እመቤት ጠይቁ፣ ቤቱ ውስጥ የምትሰራዋን ልጅም ጠይቁ፣ ኪችኑን ከሁላችንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

በር ተከፍቶ ሌላ በር ወይ ማብሪያ ማጥፊያ የሚመታ ከሆነ ድሮዊንጉ አላለቀም፣ በቃ።

ሌላው ሴክሽን (ሕንጻው ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ ውስጡ ሲታይ የሚያሳይ ድሮዊንግ) ሳይሰሩ ሬንደር መስራት ነው። ደንበኛው ላምየን (ሬንደር መስሪያው ሶፍትዌር) ላይ 2.80 ከፍታ ያለው ኮርኒስ አይቶ ይወዳል፣ ከዛ ማነው ቃል የገባለት ሊባል ነው። ቁጥሩን እስኪ አብረን እንቁጠረው። ከፎቅ ፎቅ 3 ሜትር ነው እንበል፣ ወለሉ ማጠናቀቂያው 5 ሴንቲ ይወስዳል፣ ቢሙ ከነሶሌታው (ከነፎቁ ወለል አርማታ) 50 ሴንቲ፣ 2.45 ቀረ። ከላይ ያለው ፎቅ መታጠቢያ ቤቱ እዚህ ሳሎን ላይ ከመጣ የ110 ሚሊ የፍሳሽ ቧንቧ ከሶሌታው ስር ከነተዳፋቱ ይሄዳል፣ ቢሙን ከስር ማለፍ ካለበት ጅብሰሙ ከዛም ወርዶ ነው የሚሰራው፣ እና 2.25 ላይ ትገኛላችሁ፣ ሰው እጁን አንስቶ ኮርኒስ ይነካል። መፍትሄው ቀላል ነበር፣ መታጠቢያ ቤት በመታጠቢያ ቤት ላይ ማድረግ፣ ካልሆነም አርማታው ሳይሞላ ከሳኒተሪውና ከስትራክቸሩ ሰው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ። ኢንቴሪየር ሕንጻው ካለቀ በኋላ የሚመጣ ማስዋቢያ አይደለም። በ1953 የተመረቀውን አፍሪካ አዳራሽን ተመልከቱ፣ አርቱሮ መዘዲሚ ሕንጻውን ብቻ አይደለም የነደፈው፣ ውስጡ ያለውን የቤት ዕቃ ጭምር ነው።

ደረጃ ላይ ስሌቱን ሁሉም ያውቀዋል፣ የሚረሳው የማጠናቀቂያው ውፍረት ነው። ደረጃው ላይ 3 ሴንቲ እብነበረድ ከነሞርታሩ 5 ሴንቲ ሆኖ ወለሉ ላይ ደግሞ 8 ሴንቲ ከሆነ የመጀመሪያው ርምጃ በ3 ሴንቲ ያጥራል የመጨረሻው በ3 ሴንቲ ይረዝማል፣ ከታች አዛውንት ይደናቀፋሉ ከላይ ልጅ ይወድቃል። ካሳፎርማው (አርማታው የሚሞላበት ቅርጽ) ሳይሰራ በፊት የሁለቱን ውፍረት ወስኑ።

ጸሐይ። መጽሐፎቹ አውሮፓ የተጻፉ ናቸው፣ ትልቁን መስታወት ወደ ደቡብ አድርጉ ይላሉ። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፣ በሰኔ እኩለ ቀን ጸሐይዋ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፣ በታህሳስ በደቡብ በኩል፣ በሁለቱም ከፍ ብላ ስለሆነ መጠነኛ ጥላ ይበቃታል። ችግሩ ምስራቅና ምዕራብ ነው፣ ዝቅ ብላ ስትገባ የትኛውም የጣሪያ ጥላ አይመልሳትም። ቦሌ አካባቢ ከሰዓት በኋላ ዞር ዞር በሉ፣ ምዕራብ የሚያይ ከርቴን ዎል (ሙሉ የመስታወት ግድግዳ) ያለው ሕንጻ ላይ 9 ሰዓት ሲሆን ሠራተኛው መስታወቱ ላይ ካርቶንና ወረቀት ለጥፎ ታያላችሁ። ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች፣ አየሯ እንዲህ የሆነ ከተማ ውስጥ ኤሲ ካልተገጠመ የማይሰራበት ቢሮ ዲዛይን ማድረግ እኔን በጣም ያሳዝነኛል። ካርታው ላይ ሰሜን ወዴት እንደሆነ ሳታዩ አንድ መስመር አታስምሩ።

ሮቶ የት ይቀመጣል? ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ 2,000 ሊትር ሲሞላ ውሃው ብቻ 2 ቶን ነው፣ የስትራክቸሩ ኢንጂነር ሲያልቅ ሳይሆን ሲጀምር ይስማው።

አሁን ደግሞ ቴሌግራም። ፋይሉ «ፋይናል» ይባላል፣ ቀጥሎ «ፋይናል 2»፣ ቀጥሎ «የመጨረሻ ፋይናል»፣ ሁሉም ግሩፑ ውስጥ አለ፣ ፎርማኑ ደግሞ ኔትወርክ ሲያገኝ ያወረደውን ነው ስልኩ ላይ ይዞ የሚሰራው። የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ በአሮጌው ፒዲኤፍ ተገንብቶ፣ ተለስኖ፣ ቧንቧው ተቀብሮ፣ ከዛ ሲፈርስ ቆሜ አይቻለሁ፣ ፎርማኑ ላይ ሲጮህበት ነበር፣ እሱ ግን የተላከለትን ነው የሰራው። ስለዚህ እያንዳንዱ ለውጥ ቁጥር ይኑረው፣ የተቀየረው ቦታ ይከበብ፣ ቀኑ ደግሞ በኢትዮጵያ ነው በፈረንጅ ተብሎ ይጻፍ፣ 03/05 ብቻ ብሎ መጻፍ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። አዲሱን ከላካችሁ በኋላ ፎርማኑ ጋ ደውሉ፣ «ጋሼ አሮጌውን ያጥፉልኝ፣ የታተመውንም ሰብስቤ እወስዳለሁ» በሉት። ሳይት ስትሄዱም መጀመሪያ እሱን ሰላም በሉ፣ ምኑ እንዳልገባው ጠይቁት፣ እሱ ያልገባው ድሮዊንግ የሆነ ነገር ጎድሎታል ማለት ነው።

ስብሰባ ላይ «ይቻላል» አትበሉ። «አይቼ ልመለስ» በሉ። ደንበኛ «ትንሽ ነገር ናት እኮ» ሲል ትንሿ ነገር ኮለን ልትሆን ትችላለች፣ የተስማማችሁትን በዛው ቀን በጽሑፍ ላኩለት።

የመጨረሻው ገበያ ሳያውቁ ማቴሪያል መምረጥ ነው። ሬንደሩ ላይ ያለው ፖርስሌን አገር ውስጥ የለም፣ ደንበኛው ግን እሱን ነው የወደደው፣ አሁን ሂዳችሁ «የለም» በሉት። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚገባው ማጠናቀቂያ ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል፣ ቀድሞ በተሰራ ዋጋ የተዋዋሉ ኮንትራክተሮች መሃል ላይ ነው የቀሩት። ለእያንዳንዱ ዋና ዕቃ ሁለት አማራጭ ያዙ፣ አንዱ ቢያንስ እዚሁ አገር የሚመረት ይሁን። ቅዳሜ ጠዋት መርካቶ ሂዱ፣ ሱቅ ለሱቅ ዙሩ፣ ስንት ካሬ በእጃቸው እንዳለ ጠይቁ፣ 40 ካሬ የሚፈልግ ቤት 25 ካሬ ባለበት ቀለም አይጀመርም፣ ቀጥሎ የሚመጣው ካርቶን ቀለሙ ትንሽ ይለያል። ናሙናውን ይዛችሁ ኑ፣ ጀርባው ላይ ሱቁን፣ ዋጋውንና የጠየቃችሁበትን ቀን በማርከር ጻፉበት፣ መደርደሪያው ላይ አስቀምጡት።