ሊትየም ኒዮቤት ውስጥ አረንጓዴው ጨረር ሲለጠጥ

የ532 ናኖሜትር አረንጓዴ ሌዘር ጨረር የሊትየም ኒዮቤት ክሪስታሉን ሲያልፍ መጀመሪያ ክብ ነበር፤ ደቂቃዎች ቆይቶ በሲ ዘንግ (በክሪስታሉ ዋና ዘንግ) አቅጣጫ ተለጠጠና ተበተነ።

በጅማ ክረምት ቶሎ የሚጠረጠረው እርጥበት ነው። በውሃ የሚሟሟው ኬዲፒ የተባለ ክሪስታል ቢሆን ያስኬድ ነበር፤ ሊትየም ኒዮቤት ግን በውሃ አይሟሟም። ፊቱን በአሴቶን መጥረግም ሆነ መስታወቶቹን ማስተካከል አልጠቀመም። ኃይል መቀነስም ችግሩን አዘገየው እንጂ አላስቀረውም።

ብርሃኑ ራሱ በክሪስታሉ ውስጥ ካለው ጥቂት የብረት ርኩሰት ኤሌክትሮኖችን ያፈናቅላል። የተጠራቀመው ቻርጅ ብርሃን የሚታጠፍበትን መጠን ይለውጣል፤ ጨረሩን የሚያዛባው ይሄ ነው።

መፍትሔ የሆነው ክሪስታሉን እስከ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ማሞቅ ነው፦ ቻርጁ ጠፋ፣ ጨረሩ ክብ ሆነ። የሙቀቱ ለውጥ በደቂቃ ከ5 ዲግሪ አይለፍ፤ ከሙቀት ለውጡ የሚፈጠር ቻርጅ ክሪስታሉን ሊሰነጥቀው ስለሚችል የሲ ዘንግ ሁለት ፊቶች አስቀድመው በአሉሚኒየም ፎይል ይገናኙ። ብርሃኑ ከቀጠለ ችግሩ ይመለሳል፤ አዲስ ክሪስታል ሲታዘዝ ይህን ችግር የሚቋቋመው፣ 5 ሞል ፐርሰንት ማግኒዥየም ኦክሳይድ ያለበት ይሁን።